ከቀላድ እስከ ብሎክቼይን፦ የጌዴኦ ቡና መዝገብ

በጌዴኦ ቡና ሲቀላ ሰው ሁሉ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ መንገዶች የዕለቱ እሸት ቡና በኬሻና በቅርጫት ተይዞ ወደ መፈልፈያው ይወርዳል። መዛኙ ኪሎውን ይጠራል፤ ጸሐፊው በደብተሩ ያሰፍራል፤ ገበሬው ብሩን ወይም ቁራጭ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። የዓመት ልፋት በአንዲት መስመር ያልቃል።

ስለ ክሪፕቶና ስለ ብሎክቼይን ሲወራ እኔ ቶሎ ትዝ የምትለኝ ያቺ መስመር ናት። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው ከቢትኮይን ዋጋ መውጣትና መውረድ ጋር ነው። ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቢሮ በይፋ የገባው ግን በቡና በኩል ነበር፤ ቡናው ደግሞ ባለቤት አለው። ስለዚህ ታሪኩን ከኮምፒውተር ሳይሆን ከጌዴኦዋ ከተማ ከዲላ ዙሪያ እጀምራለሁ። ዓመታቱ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ጌዴኦ ከደብተር በፊትም መዝገብ ነበረው። ሶንጎ ይባላል። ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በሶንጎው ድንበር ይለያል፣ ዕዳ ይነገራል፣ በደል ይዳኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተነገረውን ነገ አንዱ ብቻውን ተነሥቶ «አልተባለም» ሊል አይችልም። አንድ ሽማግሌ ቢሞት ሌላው ያስታውሳል፤ አንዱን በገንዘብ ቢገዙት የቀሩት አሉ። ቃሉን የሚጠብቀው የምስክሮቹ ብዛት ነው።

ከዚያ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ቀላድ፣ መጣ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት መሬቱ በቀላድ እየተለካ በመንግሥት መዝገብ ሲገባ፣ የሚጻፈው የሚያርሰው ሰው ስም አልነበረም። የባለርስቱ ስም ነበር። ቡናውን ተክሎ ያሳደገው ጌዴኦ በአያቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ፤ ከለቀመውም ድርሻ መስጠት ግዴታው ነበር። ሶንጎ ያውቀው የነበረውን እውነት የቀላዱ መዝገብ አላወቀውም፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነበር። በ1952 ዓ.ም. ይህ በደል በሚጭሌ ደም አፈሰሰ። ገበሬዎቹ በቡናቸው ድርሻ ላይ በባለርስቶቹ ላይ ተነሡ፤ መንግሥትም ኃይል አዝምቶ አመፁን ሰበረው። ዛሬ ስለ መዝገብ የሚያወራ ማንኛውም ባለሙያ ወደ ጌዴኦ ሲመጣ ይህን ታሪክ አውቆ ቢመጣ እወዳለሁ። እዚህ ሕዝብ ዘንድ መዝገብ ተራ የቢሮ ዕቃ ሆኖ አያውቅም፤ መሬት የተወሰደበት መሣሪያ ነውና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለርስቱን አነሣ። ቡናው ወደ ገበሬው ተመለሰ፤ ዋጋው ግን አልተመለሰም። በደርግ ዘመን የመንግሥት የቡና ገበያ ድርጅት በቆረጠው ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው ተሰለፉ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ይርጋጨፌ የሚለው ስም በአሜሪካና በአውሮፓ ቡና ቤቶች እየገነነ ሄደ። በ1994 ዓ.ም. የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሲቋቋም፣ ገበሬው በራሱ ድርጅት ስም ቡናውን ለውጭ ገዢ መላክ ቻለ። በእኔ ግምት በዚህ ትረካ ውስጥ ካሉት ለውጦች ሁሉ ለጌዴኦ ገበሬ የቀረበው ይህ ነው። መሣሪያው ተራ ደብተር ነበር፤ ይሁን እንጂ የደብተሩ ባለቤት የማኅበሩ አባል ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ መንግሥት ስሙን ራሱን ለማስመዝገብ ተነሣ። በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ ማመልከቻ ገባ። ይርጋጨፌ ሲመዘገብ ሁለቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክርም የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከከፈተ በኋላ ዓለም አቀፍ ወሬ ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በስምምነት ተዘጋ። በጌዴኦ ዞን ያለች የአንዲት ከተማ ስም በዋሽንግተን መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው።

አሁን 2001 ዓ.ም. ላይ ደርሰናል፤ እዚህ ዘግየት ማለት ያስፈልጋል። ጥቅምት 21 ቀን ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ቢትኮይንን የሚገልጽ ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ በኢንተርኔት አሰራጨ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ማገበያየት ጀመረ። ታኅሣሥ 25 ቀን ደግሞ የቢትኮይን የመጀመሪያው ብሎክ ተከፈተ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም። የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ ነበር፦ የማይተዋወቁ ሰዎች ተማምነው እንዲገበያዩ መዝገቡን ማን ይያዝ?

የምርት ገበያው መልስ «አንድ የታመነ ተቋም ይያዝ» የሚል ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የመሩት ይህ ተቋም ቡናውን በመጋዘኑ ይረከባል፣ ይቀምሳል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ገንዘቡንም በማግስቱ ለሻጩ ባንክ ያስገባል። ዲላም መጋዘን ተከፈተ። ቡናውን በዱቤ ሰጥቶ ለወራት ገንዘቡን ሲለምን ለኖረ አቅራቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ቡናው በወረዳና በደረጃ እየተመደበ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ ጠፋ። የአንድን ቀበሌ ቡና ጣዕም ወድዶ በዓመቱ ሊፈልገው የመጣ ገዢ ዱካውን አጣ። በምርት ገበያው በኩል ያልፍ የነበረ ገበሬ ቀዩን ብቻ ለይቶ ቢለቅምም ባይለቅምም፣ ከመጋዘን ወዲያ ስሙን የሚያነሣለት አልነበረም። ዩኒየኖች በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው የይርጋጨፌው ዩኒየን ከዚህ ተርፏል።

የሳቶሺ መልስ የተለየ ነው፦ «ሁሉም ይያዘው»። ብሎክቼይን ብዙ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅጂውን የያዙት ደብተር ነው። እያንዳንዱ ገጽ ካለፈው ገጽ ይዘት የተሰላ ማኅተም ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን ቁጥር ልቀይር ቢል ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ማኅተም ሁሉ ይሰበራል፤ ሌሎቹም ቅጂያቸውን አይተው አይቀበሉትም። ቢትኮይን በዚህ ደብተር ላይ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ሲሆን ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ በደንቡ ታስሯል። ስለ ሶንጎ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እውነቱ በብዙ ምስክር ይጠበቃል። ልዩነቱ ሶንጎ ውስጥ ምስክሩ ሰውየውንም መሬቱንም ማወቁ ነው። ኮምፒውተሩ የተጻፈለትን ብቻ ያውቃል። መዛኙ 40 ኪሎውን 36 ብሎ ቢጽፍ ብሎክቼይኑ ያንኑ 36 ለዘላለም ይጠብቃል።

በ2009 ዓ.ም. አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ወጥቶ ቀጥተኛ ሽያጭ ተከፈተ፤ የጠፋው ዱካ መመለስ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚገነባው አይኦኤችኬ ከኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ሚኒስትሩ ጌታሁን መኩሪያ ነበሩ፤ የኩባንያው መሪ ቻርልስ ሆስኪንሰን። ሐሳቡ ቡናን ከማሳ እስከ ሲኒ በብሎክቼይን መከታተል ነበር፤ ወጣት ፕሮግራመሮችን ማሠልጠንም ተጨመረበት። በእነዚያ ዓመታት የሆላንዱ ሞዬ ቡናም ቤክስት360 ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ቡና በብሎክቼይን መከታተል ሞክሯል። የውጭ መገናኛ ብዙኃን ዜናውን በደስታ አራገቡት።

በዚያችው ሚያዝያ ጌዴኦ ሌላ ነገር ላይ ነበረ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል ግጭት ተነሣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሁለቱም ወገን ተፈናቀለ። ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ በተፈናቃይ ተጨናነቁ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ መጠለያ ሆነ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ቡናቸውን እዚያው ማሳ ላይ ጥለው የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ክስተቶች አንድ ወር ላይ መግጠማቸው ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። አዲስ አበባ ላይ ቡናው ከየት ማሳ እንደመጣ በማይጠፋ መዝገብ እንጽፋለን ሲባል፣ የማሳው ባለቤት ልጁን አዝሎ መንገድ ላይ ነበር። የመሬቱን ማስረጃ ያመጣ ካለ በኪሱ፣ ያላመጣም በልቡ ይዞ።

የቡናው ውጥን ገበሬው ሚዛን ድረስ አልወረደም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያውያንና ኡጋንዳውያን ሴቶች ካርዳኖ በተጻፈበት ሃስኬል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠልጥነው ተመረቁ፤ ይህ በተግባር የታየ ፍሬ ነው። ኩባንያው ከዚያ ፊቱን ወደ ትምህርት አዞረ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ያኔ የትምህርት ሚኒስትር ከሆኑት ከጌታሁን መኩሪያ ጋር፣ 5 ሚሊዮን ተማሪዎች፣ 750 ሺህ መምህራንና 3,500 ትምህርት ቤቶች በብሎክቼይን ላይ የተመሠረተ መታወቂያና የውጤት ማስረጃ ይኖራቸዋል ተብሎ ታወጀ። በዓለም ከታዩት የብሎክቼይን ውሎች ትልቁ ነው ተባለ። የታወጀው ስፋት በሥራ ላይ አልታየም። አገሪቱ በኋላ ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ስትገነባ የተጠቀመችው ብሎክቼይን ያልሆነውን ሞሲፕ የተባለ ክፍት ሥርዓት ነው። ቴክኖሎጂው መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። ውሉ ከላይ ተፈርሞ ወደ ታች ይወርዳል ተብሎ ነው የተጠበቀው፤ በመካከል ሚኒስትር ይቀየራል፣ ጦርነት ይመጣል፣ በጀት ይታጠፋል። ከታች ቆሞ «ይኼ የኔ ነው፤ የት ደረሰ?» የሚል ባለቤት ስላልነበረው ጉዳዩ ሲቆም ጠያቂ አላገኘም።

ክሪፕቶ ራሱ ግን ሚኒስቴርን አልጠበቀም፤ በመብራት መስመርና በስልክ ገባ። ቻይና በ2013 ዓ.ም. በኮምፒውተር ኃይል ቢትኮይን የማውጣትን ሥራ (ማይኒንግን) ስትዘጋ ኩባንያዎቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ፤ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ብሔራዊ ባንክ በኢትዮጵያ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ። በሁለት ወሩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠራ። አንዱ መሥሪያ ቤት ሲከለክል ሌላው መመዝገቡ ሕዝቡን ግራ አጋባው፤ እስከ ዛሬም የጠራ አይመስለኝም።

2016 ዓ.ም. ሁሉም ነገር የተገናኘበት ዓመት ነው። መስከረም ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ዛፉንና ትክል ድንጋዩን አንድ አድርጎ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ጥር 1 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ቢትኮይንን በቀጥታ የሚይዝ ፈንድ በአክሲዮን ገበያ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ከዳር ወደ መሀል መጣ። በየካቲት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ቅርንጫፍ ጋር በ250 ሚሊዮን ዶላር ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን ማዕከል ለመገንባት ተስማማ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በጊዜው ከ21 የቢትኮይን ኩባንያዎች ጋር ውል እንዳሰረ ተዘገበ፤ 19ኙ ቻይናውያን ነበሩ። ዶላር መገኘቱ መልካም ነው። ቢሆንም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት በማያገኝበት አገር የሚፈልፈለው ቢትኮይን እኛ ጋር አይቀርም። ኪራዩን ከፍሎ ይሄዳል።

በዚያው ዓመት በልግና ክረምት ደግሞ ልጆቻችን ስልክ ላይ አጎንብሰው ነበር። ኖትኮይን፣ ቀጥሎ ሀምስተር ኮምባት የሚባሉ የቴሌግራም ጨዋታዎች መጡ፤ ስክሪኑን በጣት እየመቱ ሳንቲም መሰብሰብ ነው። በዲላም እንደ ሌሎቹ ከተሞች በካፌው፣ በባጃጁ ውስጥ፣ በግቢው ሣር ላይ ተማሪው «ታፕ» ያደርግ ነበር። የሀምስተር ሳንቲም ወደ ገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የደመራ ዕለት። ለወራት ሌሊት የነቃ ልጅ ያገኘው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ኩፍ ብሎ የቀረ ተስፋ አይተናል። ልጆቹን ሰነፍ የሚላቸውን ግን አልቀበልም። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት የተከፈተ በር ሲያይ ይሞክራል። በዚያ ክረምት ብዙዎች ዋሌት መክፈት፣ የይለፍ ቃል መጠበቅ፣ አንድን ሳንቲም በሌላ መለወጥ ተምረዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። ብር እጁ ላይ የቀለጠበት ሰው መሸሸጊያ ፈለገ፤ ያገኘውም ዩኤስዲቲን ነው። ይህ ዋጋው ከዶላር እኩል እንዲሆን የተደረገ ሳንቲም፣ ስቴብልኮይን የሚሉት፣ ነው። ባይናንስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ሰው ለሰው በሚሻሻጥበት መስኮት (ፒቱፒ) ሻጩ ሳንቲሙን ያስቀምጣል፣ ገዢው ብሩን በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ይልካል፣ ብሩ መድረሱ ሲረጋገጥ ሳንቲሙ ይለቀቃል። ዕቃ አስመጪው፣ ለውጭ ደንበኛ በኢንተርኔት የሚሠራው ወጣት፣ ውጭ ያለ ወንድም ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ሁሉ በዚህ ማለፍ ጀመረ። የክሪፕቶ ዝውውርን የሚያጠናው ቻይናሊሲስ በጥናቱ በትናንሽ የስቴብልኮይን ዝውውር የኢትዮጵያ ዕድገት በአንድ ዓመት 180 በመቶ መድረሱን አወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክሪፕቶ አጠቃቀም ኢትዮጵያን ከዓለም 12ኛ አስቀመጣት። ሕግ ባልተሠራለት ገበያ የተጭበረበረ ሰው የት ይክሰስ? ሐሰተኛ ደረሰኝ ተልኮለት ሳንቲሙን የለቀቀ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ክልክል ነገር ስሸጥ ተዘረፍሁ» ማለት አይችልም። ክልከላው ገበያውን አላስቆመውም፤ ተበዳዩን ግን አፉን ዘጋው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ተመረቀ። ኤሌክትሪክ ኃይልም ለአዲስ የቢትኮይን ኩባንያ የሚሰጥ ኃይል እንደሌለው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ አስታውቆ ነበር። በ2017 የበጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ገቢ ነው።

ቡናውም ወደ መዝገቡ ጥያቄ ተመልሷል፤ አሁን የሚያስገድደው አውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕግ፣ ከ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ላኪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በሳተላይት መገኛ ቁጥር ማሳየት አለበት። አፈጻጸሙ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም ሕጉ አልቀረም። ስለዚህ በጌዴኦ ኮረብታዎች ወጣቶች ስልክ ይዘው ከማሳ ማሳ እየሄዱ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ጌዴኦ ዛፉን ሳይቆርጥ እንሰቱንና ቡናውን ከሥሩ አሳድጎ የኖረ ሕዝብ በመሆኑ ይህ ሕግ ሊጠቅመው ይችላል። ሆኖም ቀላድ ከተጣለ ከብዙ ዓመት በኋላ ማሳው እንደገና እየተለካ ነው፤ ቁጥሩም የሚገባው በላኪ፣ በፕሮጀክት ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ብሎክቼይን የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፦ ገበሬው የማሳውን ነጥብ፣ የሚዛኑን ኪሎና የተከፈለውን ዋጋ ማንም ሊፍቀው በማይችል ቅጂ እንዲይዝ።

ለዚህ ሚኒስቴርና የውጭ ኩባንያ መጠበቅ አያስፈልግም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የኮምፒውተር ተመራቂ ያወጣል፤ ዩኒየኑ መሠረታዊ ማኅበራቱና መፈልፈያዎቹ አሉት፤ ሶንጎም አለ። በአንድ ወረዳ፣ በሁለት ወይም በሦስት መፈልፈያ ይጀመር። ገበሬው ፊት የተመዘነው ኪሎ እዚያው በጌዴኡፋ ይነበብለት፣ በስልኩ ወይም በልጁ ስልክ ይድረሰው፣ በወረቀትም ይሰጠው። ሽማግሌዎች ሚዛኑ አጠገብ ይቁሙ። የዩኒየኑ መሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ሰዎች፦ የሚቀጥለው ጥቅምት ቡናው ሲቀላ ያ ገበሬ የራሱን መዝገብ ሳይዝ ከሚዛኑ እንዳይመለስ አድርጉ።